የሁለት ሳምንት ሚሽን ለወሎ ምን ይፈይዳል?

የአጭር ጊዜ ሚሽን ሲባል ብዙ ሰው ስሙን ሰምቷል፤ አሠራሩን በቅርብ ያየው ግን ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የተውጣጡ አሥር አሥራ አምስት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ወጣቶች፣ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት፣ ሲረዝም ለጥቂት ወራት ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። ይሰብካሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ፣ ልጆች ያስተምራሉ፣ ሐኪም ካላቸው ያክማሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው። ወጪውን ከኪሳቸው ይችላሉ፣ ወይም ከዘመድ ከወዳጅ ያሰባስባሉ።

ድሮ ሚስዮናዊ ማለት ጓዙን ጠቅልሎ ሄዶ፣ ቋንቋ ተምሮ፣ አንዳንዴም እዚያው የሚቀበር ሰው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተቀየረ። ጆርጅ ቨርወር የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ በ1957 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር ሜክሲኮ ሄዶ መጻሕፍት አደለ፤ በኋላ ኦፕሬሽን ሞቢላይዜሽን የተባለው ድርጅት ከዚህ ወጣ። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሎረን ከኒንግሃም ዋይዋም የሚባለውን የወጣቶች ድርጅት መሠረተ። የአውሮፕላን ቲኬት እየረከሰ ሲመጣ ጉዞውም በዛ። ሮበርት ዉትኖው የተባሉ የፕሪንስተን የሶሺዮሎጂ ምሁር በ2005 እ.ኤ.አ. ብቻ 1.6 ሚሊዮን ገደማ አሜሪካውያን ምዕመናን እንዲህ ወደ ውጭ እንደወጡ ገምተዋል።

ፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ ታዲያ። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የሚመጣ የመዘምራን ቡድን አለ። ክረምት ላይ የሚወጡ የዩኒቨርሲቲ ፌሎሺፕ ተማሪዎች አሉ። በኦርቶዶክሱም በኩል ሐዋርያዊ ጉዞ የሚባል አለ። እንዲያውም ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳ ወሎ ድረስ የሚደፍር የውጭ ቡድን ብዙም የለም፤ የሚመጣው በአብዛኛው ያገር ልጅ ነው። የምጽፈው ለሁሉም ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡን እናንሳ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ። በ1998 እ.ኤ.አ. ሚች የተባለው ማዕበል ሆንዱራስን ሲያወድም ከሰሜን አሜሪካ በርካታ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች ቤት ሊሠሩ ሄዱ። እዚያው ሆንዱራስ የሚኖሩ ከርት ቬር ቢክ የሚባሉ የሶሺዮሎጂ መምህር ይህንን አጠኑት። ያገሩ ድርጅት አንድ ቤት በ2,000 ዶላር ገደማ ይሠራል። ያንኑ የመሰለ ቤት ሊሠራ የመጣ ቡድን ግን 30,000 ዶላር ገደማ ያወጣል። ቤቱን ያገኙት ሰዎች ሲጠየቁ ደግሞ፣ በእንግዳ የተሠራለትም ባገሩ ሰው የተሠራለትም በኑሮው ላይ ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ቤት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ ገንዘቡን ይላኩት፣ ራሳቸው ይቅሩ» ይላል። ቸኩሏል። ያ 30,000 ዶላር ጉዞው ባይኖር ኖሮ አይሰበሰብም ነበር። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ለአክስቷ «ኢትዮጵያ ልሄድ ነው» ስትላት አክስቷ 200 ዶላር ትሰጣታለች፤ «ደሴ ላለ ወንጌላዊ ደሞዝ ላኪልኝ» ብትላት ግን «ማንን?» ነው የምትለው። ሰው ያላየውን አይሰጥም። ስለዚህ ደጋፊዎቹ የሚሉት፣ ጉዞው ዓይን ይከፍታል፣ የተከፈተው ዓይን ዕድሜ ልኩን ይሰጣል ነው። ጥሩ ክርክር ነው። ችግሩ ቬር ቢክ ይህንንም ፈትሸውታል። ተጓዦቹን ከተመለሱ በኋላ ጠየቋቸው፤ ብዙዎቹ ስጦታችን ጨምሯል አሉ። የላካቸው ድርጅት መዝገብ ሲገለጥ ግን ጭማሪው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለአገር ቤት የሚላክ ፎቶ በዛ፣ ገንዘቡ ግን ባለበት ቆመ እንደማለት ነው።

እኔ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሥራው በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ዓይነት ነው ወይስ አይደለም? ይህችን ጥያቄ የያዘ ሰው አብዛኛውን ነገር ራሱ መለየት ይችላል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ሁለቱንም በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ አንድ ቀበሌ ውስጥ አንድ ቡድን የንባብ መነጽር ይዞ መጥቶ ነበር። ርካሹ፣ ፋርማሲ ደጃፍ በመደርደሪያ የሚሸጠው ዓይነት። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው የቅርብ ነገር እያየ ሲሄድ ይደበዝዝበታል፤ የዓይኑ ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ነው፣ በሽታ አይደለም። አንዲት እማማ ምስር እየለቀሙ ነበር የመጡት፣ ሰፌዱን እንኳ አላስቀመጡትም። መነጽሩን ሲያደርጉ ሰፌዱን ዝቅ ብለው አዩት፣ ትንሽ ዝም አሉ። «ወይ ጉዴ! ይሄን ሁሉ ጠጠር ነው ለካ ለሰው ሳበላ የኖርኩት?» ግቢው በሳቅ አለቀ። ይህ ሥራ በዚያው አለቀ። ክትትል የለው፣ ቀጠሮ የለው። ዶክተሩ ማታ አውሮፕላን ቢሳፈር እማማ የሚጎድልባቸው ነገር የለም።

ሌላው ቡድን ደም ግፊት ለካ። ግፊታቸው ከፍ ላለባቸው የአንድ ወር ክኒን ሰጠ። ጥሩ ልብ ነበራቸው፣ አልክድም። ከወራት በኋላ የመጣው ቡድን የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ፤ አንድ አባት ባዶውን የክኒን ማሸጊያ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው በር ላይ ቆመው «ያቺን ነጯን ይዛችኋል?» ይላሉ። የጥርስ ሐኪም ምን ይበላቸው? ደም ግፊት እንደ ወባ አይደለም፣ መድኃኒት ውጠው የሚገላገሉት። ክኒኑ ግፊቱን የሚይዘው እየተወሰደ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ሲቆም ተመልሶ ይወጣል፣ አንዳንዱ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ደግሞ ከፊተኛው ብሶ ይወጣል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሰውዬው «እኔ ታክሜያለሁ» ብለው ጤና ጣቢያ አለመሄዳቸው ነው። ክኒን ከመስጠት ይልቅ የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን አጠገብ አስቀምጦ፣ ለክቶ፣ ወረቀት ጽፎ፣ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ መላክ ይሻል ነበር። ወጪውም ያንሳል። ፎቶው ግን አያምርም፣ እሱ ነው ጉዱ።

ከዚህ ተነስታችሁ ሌላውን መገመት ትችላላችሁ። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በዘመቻ ይሠራል፤ አንዱ ዓይን በደቂቃዎች ያልቃል፣ ክትትሉ አጭር ነው፣ ያገሩ ሐኪም ሊጨርሰው ይችላል። ትራኮማ ግን ሌላ ነው። አማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈበትን ሰው ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት በብዛት የሠለጠኑ ያገራችን ነርሶች ናቸው። ፊት መታጠብ፣ ሽንት ቤት፣ ውኃ፣ መድኃኒት እየተባለ ዓመት ከዓመት የሚሠራ ሥራ ነው። እዚህ ውስጥ አንድ የውጭ ሐኪም በአሥር ቀን የሚሠራው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፤ ነርስ ማሠልጠን። እሷ ትቀራለች።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዳችሁ የምታውቁ አላችሁ? መነሻው ሚስዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቋቋሙት ማከሚያ ነው። ዛሬ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፣ በዓይን ሕክምናውም ሰው ከሩቅ ይመጣበታል። የሥጋ ደዌ ታማሚ በሁለት ሳምንት አይታከምም፤ ቁስሉን በየቀኑ የሚያጥብለት ሰው ይፈልጋል። ያንን ያደረጉት እዚያው የከረሙ ሰዎች ናቸው።

አሁን ስለ ሃይማኖቱ ራሱ ላውራ፣ የጉዞው ዋና ምክንያት እሱ ስለሆነ። ወሎ ላይ ነገሩ ከሌላ ቦታ ይለያል። እዚህ ባል ሙስሊም ሚስት ክርስቲያን የሆኑበት ቤት ብርቅ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሸህም ቄስም ይወጣል። ቅሬው አንድ ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ሃይማኖት ሳይለይ ነው። ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ደግሞ እዚህ ጥቂት ናቸው። የሚኖሩት በዚያ ቅሬ ውስጥ ነው፣ ልጃቸው የሚዳረው በዚያ ሰፈር ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ቡድን ይመጣና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዘይትና ደብተር ያድላል፣ ከዚያ ይሰብካል። በቡድኑ ዓይን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ርኅራኄ ነው፣ ሌላው ምስክርነት። በጎረቤት ዓይን ግን አንድ ነገር ነው፤ «በዘይት ሃይማኖት ሊገዙ መጡ» ነው የሚባለው። ቡድኑ ይህን ወሬ አይሰማም፤ ማክሰኞ ቦሌ ነው። የሚሰማው እዚያ የቀረው ወንጌላዊ ነው። በቅሬ ስብሰባ ላይ ፊት የሚነሳው እሱ ነው። ለዓመታት ቡና እየጠጣ፣ ለቅሶ እየደረሰ፣ የታመመ እየጠየቀ የገነባውን መተማመን ሌላ ሰው በአንድ ቅዳሜ ያፈርስበታል።

ደግሞም ወሎ የሃይማኖትን ጥድፊያ ያውቀዋል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም እየሆነ የኖረ ሰው ብዙ ነበር። እና እዚህ አገር «በሦስት ቀን ኮንፈረንስ ይህን ያህል ሰው እጁን አነሣ» የሚል ሪፖርት ስሰማ ጆሮዬን አልሰጠውም። ወሎዬ ጨዋ ነው፣ እንግዳ እጅህን አንሣ ካለው ያነሣል።

ካሜራውም እንደዚሁ። በ1966ም በ1977ም ረሃብ የዓለም ካሜራ ወሎ ላይ ነበር። ቢቢሲ በ1977 ጥቅምት ያሳየው የኮረም መጠለያ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ርዳታው ብዙ ሰው አትርፏል፤ የዚያ ትውልድ ሰው ግን ርቦት ሲያጣጥር መታየቱንም አልረሳውም። ዛሬ አፍንጫው ያልተጠረገ ልጅ አቅፎ ፎቶ የሚነሣ ወጣት ይህን ላያውቅ ይችላል። የሚያስተናግደው ሰው ግን ሊነግረው ይገባል።

ላሊበላ የሄደ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አይቷል። ልጆቹ ለቱሪስቱ «መዝገበ ቃላት ግዛልኝ» ይላሉ፤ ይገዛል፣ ቱሪስቱ ሲሄድ መጽሐፉ ወደ ሱቁ ይመለሳል፣ ብሩ ይካፈላል። ልጆቹን አልወቅስም። አላፊ ሰጪ በበዛበት ቦታ ሁሉ የሚሆን ነገር ነው፤ ከትምህርት ይልቅ እንግዳ መጠበቅ ያዋጣል። የሕፃናት ማሳደጊያ የሚጎበኙ ቡድኖችም ይህንኑ ቢያስቡ ደስ ይለኛል። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ሰው አቅፎት፣ ስሙን ጠርቶት፣ አልቅሶ የሚሄድበት ልጅ ፍቅር ማለት መሄድ እንደሆነ ይማራል። በነዚህ ማሳደጊያዎች ካሉ ልጆች ብዙዎቹ ደግሞ፣ በብዙ አገር እንደታየው፣ ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በሕይወት አለ።

«ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የአጭር ጊዜ ሚሽን የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። አለ እንጂ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ልኳል። ግን እንዴት እንደላካቸው አንብቡት። በሉቃስ 10 «ኮረጆም ከረጢትም ጫማም አትያዙ» ይላል፤ ባለቤቱ ያቀረበውን እየበላችሁ ተቀመጡም ይላል። እኛ የለመድነው ጉዞ ተገልብጧል። ሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ በነፍስ ወከፍ፣ የራሱ ውኃ፣ የራሱ ብስኩት። ባዶ እጁን የመጣ ሰው አስተናጋጁን ይፈልገዋል፣ ሰጪው ባለቤቱ ይሆናል። ይህ ነገር ቀላል አይደለም።

ጳውሎስም ተሰሎንቄ ምኩራብ የተከራከረው ሦስት ሰንበት ብቻ ነው። ከዚያ ግን ጢሞቴዎስን መልሶ ላከላቸው፣ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ቆሮንቶስ ላይ ደግሞ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጧል። እዚሁ ደጃችን ሐይቅ እስጢፋኖስን ውሰዱ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገብተው ዕድሜያቸውን እዚያው ጨረሱ፣ ከእግራቸው ሥር የተማሩት ናቸው በየአቅጣጫው ሄደው ገዳም የተከሉት።

ወላይታም ጥሩ ማሳያ ነው። የሱዳን ኢንተርየር ሚሽን ሰዎች ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. ሲያስወጣቸው ትተው የሄዱት የተጠመቀ አማኝ 50 እንኳ አይሞላም ነበር። ጣሊያን ወጥቶ ሲመለሱ 10,000 ገደማ ሆኖ አገኙት። ያንን የሠሩት ያገሩ ሰዎች ናቸው፣ ታስረውና ተገርፈው። ሰው ይህን ታሪክ «ፈረንጅ አያስፈልግም» ለማለት ይጠቅሰዋል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ሚስዮናውያኑ ከመባረራቸው በፊት ወደ አሥር ዓመት ገደማ ተቀምጠው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ ሰው አዘጋጅተው ነበር። ቀሪ ሰው ባይኖር ኖሮ መሄዳቸው መሄድ ብቻ ይሆን ነበር።

አስተናጋጁ የሚያወጣውን ወጪ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ቡድን ሲመጣ መጋቢው ሁለት ሳምንት ሾፌር፣ አስተርጓሚና አስጎብኚ ይሆናል። የታመሙት ሳይጠየቁ ይቀራሉ። ሴቶቹ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ዶሮ ሲሠሩ ይከርማሉ። ወሎ ላይ እንግዳ መጣ ከተባለ ያለው ይቀርባል፣ የሌለውም ተበድሮ ይቀርባል። ስትጠይቁት «አብሽር» ነው መልሱ። አብሽር ያለ ሁሉ ግን ተመችቶት አይደለም።

ወቅቱስ? የአሜሪካ ተማሪ የሚያርፈው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እኛ ጋ ያኔ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ገበሬው ማሳ ላይ ነው፤ በልግ የሚያበቅለው ደጋ ላይማ የበልግ አጨዳና የመኸር እርሻ ይገናኛሉ፣ ሰው መቀመጫ የለውም። ነሐሴ ከገባ ፍልሰታ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አጨዳና ውቂያ አለ። ጥር ይሻላል፤ ሠርግ ይበዛል እንጂ ሰው ዕረፍት አለው።

ታዲያ የሄደው ሰውስ ተጠቀመ? አዎ፣ ብዙ ጊዜ ተጠቅሟል። ዓለም ከሰፈሩ እንደሚሰፋ ያያል፤ የኛ ሰው በምን ያህል ትንሽ ነገር እንዴት ዓይነት እምነት ይዞ እንደሚኖር ያያል፤ ከነዚያ ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ ተመልሰው መጥተው ለዓመታት ይቀመጣሉ። ይህ ነውር የለውም። ግን ስሙ ይስተካከል። ልትማር ከመጣህ ልማር መጣሁ በል፤ ገንዘቡንም ለትምህርት ብለህ ሰብስብ። የምትማርባቸውን ሰዎች ግን ረዳኋቸው እያልክ አትዙር።

እኔን ብትጠይቁኝ የምመርጠው አነስ ያለ ቡድን ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ ሙያ ያለው፣ ተጠርቶ የሚመጣ፣ በየዓመቱ ወደዚያው ቦታ የሚመለስ። በወንፈል ወግ ማለት ነው፤ ማሳው የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ባለቤቱ በጠራህ ቀን ትሄዳለህ፣ እሱ አርም ያለህን ታርማለህ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ተዘርፏል፣ ማሽን ተሰባብሯል። ያኔ አንድ የሕክምና ዕቃ ጠጋኝ መሣሪያውን ይዞ ቢመጣና አንድ ያገር ልጅ አጠገቡ አድርጎ ቢያስተምር፣ ግድግዳ ከሚቀቡ አሥራ ሁለት ወጣቶች በላይ ነበር። ቀለም ቀቢ ደሴ ሞልቷል፣ ሥራም ይፈልጋል።

የሕክምና ቡድን ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ አስቀድሞ ይለቅ። የውጭ ሐኪም እዚህ ለማከም ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መድኃኒት ለማስገባትም ፈቃድ አለው። ጊዜው ሊያልፍ ወር የቀረው መድኃኒት በሻንጣ ይዞ መምጣት ስጦታ አይደለም፣ ማቃጠያ መፈለግ ነው የሚያተርፈው።

አስተናጋጅ የሆናችሁ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች፣ «ልንመጣ ነው፣ ምን እንሥራ?» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላችሁ ብቻ አትመልሱ። የሚያስፈልጋችሁን ሙያ፣ የምትችሉትን የሰው ቁጥር፣ የሚመቻችሁን ወር ጻፉ። ዕደላ ካለ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ፣ በቅሬው ወይም በቀበሌው በኩል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚያገኝበት፣ ስብከት የማይያያዝበት ይሁን በሉ። ፎቶ ከወላጅ ፈቃድ ውጭ እንደማይነሣም ጻፉ። ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ አብዛኞቹ ቡድኖች ማንም ስላልነገራቸው ነው የሚሳሳቱት፣ ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል።

ቲኬቱ አስቀድሞ ተቆርጦ ከሆነስ? እንግዲህ ይምጡ። ወንጌላዊው በሚሄድበት አብረውት ይሂዱ፣ ለቅሶ ቤት ይቀመጡ፣ ቡና ሦስተኛው እስኪደርስ ይጠጡ፣ ትንሽ አማርኛ ይልመዱ። ሲሄዱ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ የሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚመለስና ለምን ሥራ እንደሚመለስ ተነጋገሩ፤ የሚመለስ ከሌለም ያኔውኑ ይታወቅ።